በሁለት ሳምንት ውስጥ «አበደች» የተባለች ልጅ ካለች ከጫቱ በፊት አንጎሏ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው የጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ወጣቶችና ስለ አእምሮ ህመም የወጣውን ጽሁፍ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ቤተሰብ የታመመ ልጁን እንዳይደብቅ፣ ሀኪም ጋ እንዲወስድ መምከራችሁ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ጽሁፉ ወደኛ ወደ ምስራቁ ሲመጣ ነገሩን ሁሉ ጫትና ስልክ ላይ ለጥፎ አለፈ። ጫት አይጎዳም እያልኩ አይደለም፣ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ነኝ፣ ጫት የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ በአይኔ አይቻለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። እብደት የሚመስል ግን ያልሆነ፣ ቶሎ ከተደረሰበት የሚታከም የአንጎል በሽታ አለ፣ እኛ ቤት ገብቶ አይተነዋል፣ ልጃችን ደግሞ በዚሁ «ጫት ነው» በሚባል ነገር ህክምናዋ ዘገየባት።

የበሽታው ስም ረጅም ነው፣ አንቲ ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኢንሰፋላይትስ ይሉታል። አውቶኢሚውን ከሚባሉት ነው፣ ሰውነት ከበሽታ እንዲጠብቀን የሚያመርተው አንቲቦዲ የራሱን አካል፣ እዚህ ጋ አንጎልን፣ ሲያጠቃ የሚመጣ። ብዙ ሰው አይዘውም፣ ውጭ በተሰራ ግምት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። ግን በብዛት የሚይዘው ወጣት ሴቶችንና ልጆችን ነው፣ በ2013 የታተመ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) 577 ህመምተኞችን የተከታተለ ጥናት ላይ ከአስሩ ስምንቱ ሴቶች ነበሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ 21 ዓመትና ከዛ በታች። ያ ማለት ኮሌጅ የገባች፣ ስራ የጀመረች፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ ማለት ነው፣ በዛ እድሜ ደግሞ ልጅ ጠባይዋ ሲቀየር ሰፈር የሚሰጣት ስም አያልቅም።

የእህቴ ልጅ ላይ ሲጀምር ራስ ምታትና ትኩሳት ነበር። ድሬ ውስጥ ራስ ምታትና ትኩሳት ከተባለ ማንም ሰው ወባ ነው፣ ዴንጊ ነው፣ ቺኩንጉንያ ነው ይላል፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት አድርጎ አልጋ ላይ እንደጣለው የሚረሳ የለም፣ ስለዚህ የደም ምርመራ ተደረገ፣ ወባ የለም ተባለ፣ ፓራሲታሞል ይዛ ገባች። ትኩሳቱ ሄደ። ከዛ እንቅልፍ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ስትንጎራደድ፣ ግቢውን ስትጠርግ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ልብስ ስታጥብ፣ እናቷ ተይ ስትላት መጮህ። ጎረቤት በስልኬ ውስጥ ያዳምጠኛል ትላለች፣ ወንድሟ ያመጣላትን ምግብ መርዝ አለው ብላ ትደፋለች፣ ይቺ ልጅ እኮ ድሮ ሰው ፊት ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነች።

ከሁሉም በላይ የጎዳን ግን የአፏ ነገር ነው። ባዶ አፏን ታኝክ ጀመር። ከንፈሯ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ምላሷ ይወጣል ይገባል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ አገጯ አይቆምም፣ ከንፈሯን ከውስጥ ነክሳ ነክሳ ትራሱ ላይ ደም እናገኛለን። ያየ ሁሉ «ጫት ነው፣ ምርቃናው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ አለ፣ ድንገተኛ ክፍል ያለው አለ፣ የሰፈር ሰው አለ። እህቴ አንድ ቅጠል አፏ ገብቶ አያውቅም ብላ ብትምል ማን ይሰማታል፣ እናት መች የልጇን ታውቃለች እያሉ። በኋላ ነው ያወቅነው ይሄ የአፍና የፊት እንቅስቃሴ የዚህ በሽታ ዋና ዋና ከሚባሉት ምልክቶች አንዱ ነው፣ አንጎሉ ራሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ እሷ ማቆም አትችልም። ሌላ አገር ያለ ሀኪም እንደዛ ያለ አፍ ሲያይ አንጎል ነው ብሎ የሚጠረጥርበት ምልክት እኛ ጋ ጫት ቃሚ ያስብላል። ለዚህ ነው ጽሁፋችሁን ሳነብ ዝም ማለት ያቃተኝ።

እናታችን ጸበል ወሰደቻት፣ ቁልቢ ገብርኤል ተሳለችላት፣ ጎረቤታችን ሀጂ ደግሞ በራሳቸው ጊዜ መጥተው ቁርአን ቀሩላት፣ ሁለቱንም በፍቅር ነው ያደረጉት፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ጸሎት ከህክምና ጋ የሚጣላ ነገር የለውም። የማልስማማው ከታሰረች፣ ከተገረፈች፣ ምግብና መድሃኒት ከተከለከለች ነው፣ ምክንያቱም ይሄ በሽታ ሲብስ የልብ ምትን ያዛባል፣ ደም ግፊቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ትንፋሽም ያቆማል፣ ከሆስፒታል ርቃ የታሰረች ልጅ ሌሊት ላይ ትንፋሿ ቢቆም ማንም አይደርስላትም።

መጀመሪያ የገባችበት ቦታ (ስሙን አልጠራም፣ መካሰስ አይደለም የያዝኩት) የአእምሮ ህመም ነው ብለው ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ መድሃኒት ወጓት። በማግስቱ ሰውነቷ ግትር አለ፣ ላብ በላብ፣ ትኩሳት። ያንኑ ሳምንት እንደሚጥል በሽታ ጣላት፣ በአንድ ቀን ሶስቴ። ከዛ ዝም አለች። ወሬ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ እጇን አንስታችሁ ብትለቁት እዛው አየር ላይ ይቀራል፣ እህቴ እጇን መልሳ ታስቀምጥላታለች፣ ደግሞ አንሶላ ልትቀይር ብላ ስታነሳው እንደገና እንደተሰቀለ ይቀራል። የዚህ በሽታ ህመምተኞች እንደዚህ ዓይነት መድሃኒት በጣም ይከብዳቸዋል፣ ይሄንን የሚያክሙ ሰዎች አስቀድመው ይጠነቀቃሉ። ይሄን ያነበበ ሰው ግን ተነስቶ የራሱን ወይ የልጁን የአእምሮ መድሃኒት እንዳያቋርጥ እለምናለሁ፣ እውነተኛ የአእምሮ ህመም ላለበት ሰው መድሃኒቱ ህይወት ነው።

የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሀረር ስንደርስ ያየቻት አንዲት ወጣት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሀኪም) ናት። ብዙ አላወራችም። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ገልብጣ አነበበችና እህቴን «እናቴ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች? ከጀመራት ስንት ሳምንት ሆነ?» አለቻት። ያልነበረ ነገር በሁለት ሳምንት፣ መጀመሪያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ጠባይ፣ ቀጥሎ አፍ፣ ቀጥሎ መጣል፣ ቀጥሎ ዝምታ። ይሄ ቅደም ተከተል ነው የነገራት። የአእምሮ ህመም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተጣድፎ ከሚጥል በሽታና ከትኩሳት ጋ አብሮ አይመጣም፣ ከጀርባዋ ውሃ ተቀድቶ መታየት አለበት አለች።

እዚህ ጋ ቤተሰባችን ሊበጠስ ነበር። ወንድማችን አይቻልም አለ፣ ከጀርባ ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል የሚለውን ወሬ የማያውቅ የለም። ዶክተሯ ቁጭ ብላ አስረዳችው፣ መርፌው የሚገባው ከወገብ በታች በኩል ነው፣ ህብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር ለጥቂት ቀን ራስ ምታት ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ አጥንቱን በእጄ እያሳየሁ እኔም አስረዳሁት። በመጨረሻ ፈረመ። ውሃው ላይ የነጭ ደም ሴል ከልኩ አልፎ ተገኘ፣ ባክቴሪያ የለም፣ የቲቢም ምልክት የለም። ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ተነስታ «ኖርማል» ሲባል ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ፣ ኖርማል ከሆነ ምኗን ነው የምታክሟት ተባለ። በዚህ በሽታ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰዎች ኤምአርአያቸው ምንም አያሳይም፣ ንጹህ ምስል ማለት ንጹህ አንጎል ማለት አይደለም። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ የሰራነው በኋላ አዲስ አበባ ነው፣ እሱ ላይ የተዛባ ነገር ወጣ።

ስለ በሽታው አመጣጥ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ገብቶኝ ነው የበረታሁት። በ2005 ዳልማው የሚባለው ስፔናዊ ኒውሮሎጂስት ከስራ ባልደረቦቹ ጋ ሆኖ አራት ወጣት ሴቶች ላይ አንድ ዓይነት ነገር አየ፣ የጠባይ መቀየር፣ የማስታወስ ችግር፣ ትንፋሽ መድከም፣ አራቱም ኦቫሪያቸው (የሴት እንቁላል ማምረቻው) ላይ ቴራቶማ የሚባል እጢ ነበራቸው። በ2007 አንቲቦዲው የሚያጠቃው ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተርን እንደሆነ አወቁ። ከዛ በፊት የነበሩት ሰዎች በየሆስፒታሉና በየጸበሉ ምን ተብለው እንደሞቱ ማሰብ ነው። ሪሴፕተሩ የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፣ ለማስታወስ፣ ለመማር፣ ለጠባይ፣ ለሁሉም ያስፈልጋል። አንቲቦዲው ሴሉን አይገድለውም፣ ሪሴፕተሩን ከላይ አንስቶ ወደ ሴሉ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ መስመሩ ተዘርግቶ እያለ ቆጣሪው ሲነቀል እንደሚጨልመው ነው፣ ቆጣሪው ሲመለስ መብራቱ ይመጣል፣ ቤቱ አልፈረሰም። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ የምታውቁ ነርሶችና ሀኪሞች ይሄ ይገባችኋል፣ ኬታሚን የሚዘጋው ይሄንኑ ሪሴፕተር ነው፣ ሲነቁ የሌለ ነገር የሚያዩት፣ የሚቀባጥሩት ሰዎች ለዛ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ጎረቤት ያዳምጠኛል ስትል ያስባላት የሚታወቅ፣ ስም ያለው፣ በላቦራቶሪ የሚለካ ነገር ነው።

ቴራቶማው ውስጥ ጸጉር ይገኛል፣ ጥርስ፣ ስብ፣ አንዳንዴም የነርቭ ህዋስ። ሰውነት ያንን የነርቭ ህዋስ አይቶ አንቲቦዲ ያመርታል፣ አንቲቦዲው አንጎል ጋ ይደርሳል። ሁሉም ህመምተኛ ላይ እጢ የለም፣ በዛ በ577ቱ ጥናት ላይ የተገኘው 38 በመቶው ላይ ነው፣ ትንንሽ ልጆችና ወንዶች ላይ ብዙም አይታይም፣ አንዳንዱ ደግሞ ሄርፐስ ቫይረስ አንጎሉን ካጠቃው በኋላ ነው የሚመጣበት፣ አንዳንዱ ላይ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። ግን ወጣት ሴት ከሆነች ሆዷን አልትራሳውንድ ማየት ግድ ነው፣ አልትራሳውንድ ደግሞ ድሬም ሀረርም በየክሊኒኩ አለ። የኛ ልጅ ግራ ኦቫሪ ላይ ተገኘ። እንግዲህ ያላገባች ልጅ ኦቫሪዋ ይነካ ሲባል ምን እንደተባለ መገመት አያቅትም፣ አያቷ መካን አታድርጉብኝ ብላ አለቀሰች። አንድ ኦቫሪ ያላት ሴት ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም እጢውን ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል፣ ያልወጣ እጢ ግን አንቲቦዲውን ማስመረት አይተውም፣ መድሃኒቱ ብቻውን አያሸንፈውም። ወጣ።

ስለ መድሃኒቱ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ሶስት ነገር ነው፣ አንደኛው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ በደም ስር፣ ብዙ ጊዜ በቀን 1 ግራም ለሶስት እስከ አምስት ቀን፣ ሁለተኛው አይቪአይጂ የሚሉት ከሌሎች ሰዎች ደም የሚዘጋጅ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ሶስተኛው ደሙን በማሽን አሳልፎ አንቲቦዲውን ማስወገድ። በነዚህ ካልተሻላት ሪቱክሲማብ ወይ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል ሌላ መድሃኒት ይከተላል። አይቪአይጂን ዋጋ ጠይቀን ነበር፣ እኛን የመሰለ ቤተሰብ ቤት ሸጦም አይደርስበትም። ስቴሮይዱ ግን ይገኛል፣ ይቻላል። አንቲቦዲው መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ናሙናው ውጭ ተልኮ ሳምንታት ቆይቶ ነው ሪዛልቱ የመጣልን፣ እሱን እንጠብቅ ብለን ብንቀመጥ ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። በ2016 የነርቭ ሀኪሞች የተስማሙበት መመዘኛ አለ፣ ከሶስት ወር ባነሰ ጊዜ የመጡት ምልክቶች በቂ ከሆኑና ከጀርባ የተቀዳው ውሃ ወይ ኢኢጂው የተዛባ ከሆነ፣ ወይ ቴራቶማ ከተገኘ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑ እየታየ በጥርጣሬ ህክምና መጀመር ይቻላል ይላል። ዶክተሯ ቲቢውንና ሌላውን ኢንፌክሽን አጣርታ፣ ለሄርፐስ አሳይክሎቪር የሚባለውን የቫይረስ መድሃኒት አስጀምራ፣ ስቴሮይዱን ጀመረችላት። ሪዛልቱ ሲመጣ ፖዘቲቭ ነበር፣ ልጅቷ ግን ያኔ አይኗ ሰው መከተል ጀምሯል።

አመላለሱ ቀስ ያለ ነው፣ ይሄን ቤተሰብ ቢያውቀው ተስፋ አይቆርጥም። መጀመሪያ መጣሉ ቆመ፣ ቀጥሎ አፏ አረፈ፣ ከዛ አይኗ፣ ከዛ ውሃ ስጡኝ አለች። ውሃ ያለች ቀን እህቴ ኮሪደር ወጥታ ነው ያለቀሰችው። ጠባይዋና የማሰብ ነገሯ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ስትናደድ፣ ስትፈራ፣ ያነበበችውን ስትረሳ ወራት ሄዷል፣ ታማ የነበረበትን ጊዜ ዛሬም አታስታውስም። በዛ በ577ቱ ጥናት ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተከታተሏቸው 81 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሰዋል፣ ከ18 ወር በኋላ እንኳን መሻሻል የቀጠሉ አሉ፣ ቶሎ የታከሙትና አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ያልገቡት የበለጠ ድነዋል። 12 በመቶ ያህሉ ላይ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ መጥቷል፣ ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥም፣ አልትራሳውንዱም በየጊዜው ይደገማል።

አሁን ትምህርቷን ቀጥላለች። የሚያሳዝነኝ ሰፈር ውስጥ ስትሄድ «ያቺ ያበደችው» ይሏታል፣ አንዳንዱም ድግምት ነው ተፈታላት ይላል። ለነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ልንገር፣ በርሊን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ክኑት የሚባል ነጭ ድብ ነበር፣ ዓለም የሚያውቀው፣ በ2011 ጎብኚ እያየው ጥሎት ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ፣ በ2015 ሳይንቲስቶች አንጎሉን መርምረው ያገኙት ይሄንኑ በሽታ ነው። ድብ ላይ ማንም አላስደገመበትም። የሰውነት በሽታ ነው፣ እንደ ስኳር፣ እንደ አስም።

እንግዲህ ልመናዬ። እናንተ ጋዜጠኞች፣ በሚቀጥለው የጤና ዓምዳችሁ አንድ የነርቭ ሀኪም ጠይቁልንና የዚህን በሽታ ምልክት በደንብ አስረዱልን፣ ጫት ስትጽፉም የማይቅሙ ልጆችና እናቶቻቸው እንደሚያነቡት አስቡ። ድንገተኛ ክፍልና ካርድ ክፍል ያላችሁ ሰራተኞች፣ ምርቃና ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት መቼ ጀመራት፣ ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ጥሏታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እናትየዋ ያለችውንም ካርዱ ላይ ጻፉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንጎል ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸውን ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ሰዎች ሲያጣሩ በ2012 እንዳሳተሙት ይሄ በሽታ ከማንኛውም አንድ ቫይረስ በላይ ሆኖ ነው ያገኙት፣ እኛ ጋ የማይታየው ስለማይፈለግ ይመስለኛል። ጤና ቢሮዎቻችን ደግሞ፣ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የሚያክሙት የድሬንና የሀረርን ሰው ብቻ አይደለም፣ ከሶማሌ ክልልም ከሀረርጌ ገጠርም ታማሚ በሰው ትከሻና በአይሱዙ እየመጣ ነው፣ ኢኢጂ ለማሰራትና ናሙና ለማስላክ እዚሁ የሚጨርስበት መንገድ ይፈለግለት፣ የኛ ቤተሰብ አዲስ አበባ ዘመድ ባይኖረው የት ያድር ነበር እያልኩ አስባለሁ። የስቴሮይዱ መድሃኒትም በጤና መድህን ያለ ሰው ፋርማሲ ፋርማሲ እንዳይዞርበት ከሆስፒታሉ ይገኝ።

ይሄን እያነበባችሁ «የኛም ልጅ እንደዚህ ናት» ያላችሁ ቤተሰብ ካላችሁ፣ የጀመረበትን ቀንና የተከታተለውን ነገር በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አፏንና እጇን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ የወሰደችውን መድሃኒት ስም ያዙ፣ ይሄን ሁሉ ይዛችሁ የነርቭ ሀኪም ያለበት ሆስፒታል ሂዱ፣ ከጀርባ ውሃ ይቀዳ ካሏችሁም አትከልክሉ። እህቴም እኔም ያለፍንበትን ለማስረዳት ፈቃደኞች ነን፣ ስልካችንን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልከናል፣ ለሚጠይቅ ቤተሰብ ስጡልን፣ ቀን ትምህርት ቤት ስለምሆን ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ብትደውሉ ይሻላል።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን